የእህቴ ልጅ፣ መድኃኒቱና ባለ ሁለት ዓምዱ ደብተር

የእህቴን ልጅ ከመንዝ ወደ ደብረ ብርሃን ያመጣሁት በ2015 ዓ.ም. ጳጉሜን ላይ ነው። ስምንት ዓመት ሆኖት ነበር። እናቱ ለሥራ ዐረብ አገር ከሄደች ጀምሮ ያሳደጉት አያቶቹ ናቸው። አባቴ ለብርዱ ብለው አንድ ባና አስይዘው አስረከቡኝና «በግ ጥበቃው ይበቃዋል፤ ፊደል ይቁጠር» አሉኝ።

ይህን የምጽፈው «ልጁ አይቀመጥም፤ አንድ ነገር ይደረግለት» ተብሎ ከትምህርት ቤት ለሚጠራ ወላጅ ነው፤ ጉዳዩም የትኩረት ማነስና የመቅበጥበጥ ችግር የሚባለውና መድኃኒቱ ነው። እኔ በተጠራሁበት ቀን ምን ማድረግ እንዳለብኝ የሚነግረኝ ሰው አላገኘሁም። ያጣሁት ጊዜና ልጁ ያየው መከራ ለሌላው እንዳይደገም እፈልጋለሁ።

የተጠራሁት ትምህርት በተጀመረ በአምስተኛው ሳምንት ነው። ሁለተኛ ክፍል ነው፤ 64 ተማሪዎች፣ በአንድ ዴስክ ሦስትና አራት ልጅ። መምህርቷ ክፉ ሰው አይደለችም፤ ድምፅዋ በጩኸት ብዛት ተዘግቷል። «አምስት መስመር ስጽፍ እርሱ አንዱን ይገለብጥና መስኮት ላይ ነው። አህያ ሲያልፍ ይነሣል። ጥያቄውን ሳልጨርስ ይመልሳል፤ መልሱ ግን የሌላ ጥያቄ ነው። እስክሪብቶ በሳምንት ሦስት ይጠፋበታል። ልጁ ደግ ነው፣ ማንንም አይመታም፤ በእርሱ ምክንያት ግን 63ቱ አይማሩም» አለችኝ። ከዚያም ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ «እንዲህ ላሉ ልጆች መድኃኒት አለ ይባላል» አለች።

ተቆጥቼ ነው የወጣሁት። በመንዝ ተራራ ላይ ሲሮጥ የዋለ ልጅ በጠባብ ዴስክ ላይ አራተኛ ሆኖ ሲቀመጥ ቢቁነጠነጥ በሽታው የማን ነው? የልጁ ነው ወይስ የዴስኩ? ይህን ጥያቄ ዛሬም አልጣልኩትም፤ ትክክለኛ ጥያቄ ነው። ያን ጊዜ ግን መልሱን ሳልፈልግ በጥያቄው ብቻ ተጽናናሁ።

ቤተሰቡ እንደተለመደው ለየብቻው ፈረደ። እናቴ በስልክ «ዓይን ነክቶት ነው፤ ጸበል ይጠመቅ» አሉ። ሹፌር የሆነው ወንድሜ «እኔም ልክ እንደ እርሱ ነበርኩ፤ ምን ሆንኩ?» አለ። ጎረቤቶቼም ሁለት ወገን ሆኑ፤ አንዱ ዱላ ይላል፣ ሌላው ይተወው፣ ሲያድግ ይተዋል ይላል። ወንድሜ ከአምስተኛ ክፍል ትምህርቱን ማቋረጡን በዚያ ሰዓት ማናችንም አላነሣንም።

በሳምንቱ ወደ አንድ የሕክምና ቦታ ወሰድኩት። የገባንበትና የወጣንበት ጊዜ ሲቆጠር አምስት ደቂቃ አይሞላም። ጆሮው አልታየም፣ እንቅልፉ አልተጠየቀም፣ ከመንዝ መምጣቱ እንኳ አልተጠየቀም። «ያረጋጋዋል» ተብሎ ማታና ጠዋት የሚወሰድ መድኃኒት ታዘዘለት። ስሙ ምን እንደሆነ፣ ምን እንደሚያደርግ፣ እስከ መቼ እንደሚወሰድ አልጠየቅሁም። ነጭ ጋዋን የለበሰ ሰው ሲናገር ዝም ማለት ለምዶብኝ ነበር።

ልጁ በርግጥ ተረጋጋ። ዴስኩ ላይ ግንባሩን ደፍቶ ዋለ። ቤት ሲመጣ ምላሱ ይከብደዋል፤ ያጎረስኩትን እንጀራ እንኳ ቀስ ብሎ ነበር የሚያላምጠው። በስምንተኛው ቀን መምህርቷ ደውላ «እግዚአብሔር ይስጥልኝ፤ አሁን ሰው ሆነልኝ» አለችኝ። ከልቧ ነው ያመሰገነችኝ። ማታ ደብተሩን ገለጥኩ። የስምንቱ ቀን ሁሉ ቀኑና ርእሱ ብቻ ተጽፏል፤ ከርእሱ በታች ባዶ ነው። ቀድሞ እንኳ አንዱን መስመር ይገለብጥ ነበር።

እኔ የመዝገብ ቤት ሠራተኛ ነኝ፤ ሥራዬ ወረቀት ማየት ነው። ያ ባዶ ገጽ የነገረኝን ማንም ሊያስተባብለው አይችልም። በነጋታው ሌላ ሐኪም ዘንድ ወስጄው በምክሩ መድኃኒቱን አቆምን፤ ሐኪሙም ወደ አዲስ አበባ፣ ወደ ሕፃናት የአእምሮ ሐኪም ላከን። ወላጅ ሆይ፣ ከዚህ ታሪክ አንድ ነገር ብቻ የምትይዝ ከሆነ ይህን ያዝ፦ ትምህርት ቤቱ ልጁ ዝም ማለቱን ሲያመሰግን ደብተሩን ገልጠህ እይ።

ቀጠሮው እስኪደርስ የእናቴን ቃል አከበርኩ። ጻድቃኔ ማርያም ሄደን ሰባት ቀን ተጠመቀ። እዚያም ያው ነው፤ ለአረጋውያኑ ጄሪካን ሲሸከም፣ ሲሮጥ፣ ሲወድቅ፣ ሲነሣ ሰነበተ፤ ሁሉም መረቁት። እኔም ከመጣብኝ ቁጣና ፍርሃት አረፍኩ። ስንመለስ የንስሐ አባታችንን «ሐኪም ዘንድ ብወስደው ጸበሉን መጠራጠር ይሆንብኛል?» ብዬ ጠየቅኋቸው። «ሐኪሙንስ ማን ፈጠረው?» አሉኝ። ከዚያ ወዲህ በቤታችን ጸበልና መድኃኒት ተጣልተው አያውቁም። ይህን የምጽፈው ብዙ እናቶች ከሁለቱ አንዱን ምረጪ እየተባሉ ሲጨነቁ ስላየሁ ነው።

አዲስ አበባ ያገኘናቸው ሐኪም በመጀመሪያው ቀን አንድ ሰዓት ያህል ያዙን፤ ስለ መድኃኒት ግን አንድ ቃል አልተናገሩም። ያኮርፋል ወይ? አፉን ከፍቶ ይተኛል ወይ? በድንገት ፈዞ ቆሞ፣ ሲጠሩት ሳይሰማ ቆይቶ የሚመለስበት ጊዜ አለ ወይ? ይህ የመጨረሻው ጥያቄ ስለ አንድ ዓይነት የሚጥል በሽታ ነው፤ ልጁ ሳይወድቅ ለጥቂት ሰከንድ ብቻ ስለሚፈዝ መምህሩ ትኩረት የለውም ይላል። ደም ማነስ ይኖርበት እንደሆነ አስመረመሩ። ዓይኑን አስመረመሩ። ስለ ጦርነቱም ጠየቁ፤ በ2014 ዓ.ም. ኅዳር ወር ጦርነቱ ወደ ሰሜን ሸዋ ሲዘልቅ ልጁ የተኩስ ድምፅ ሰምቷል፣ ከአያቶቹ ጋር ሌሊት ሸሽቷል። «የደነገጠ ልጅም አይቀመጥም፤ የደነገጠ ልጅም አይሰማም» አሉኝ። የእናቱንም ናፍቆት ጠየቁት። ልጁ መልስ አልሰጠም፤ የጫማውን ክር ፈታና እንደገና አሰረው።

ከዚያ ጆሮው ታየ። በቀኙ ታምቡሩ ተቀዷል። ሕፃን ሳለ መግል ይወጣው ነበር፤ እኛ አገር «ጆሮው ይፈስሳል» ተብሎ ይታለፋል። መስማቱ በዚያ በኩል ቀንሷል።

በዚያች ቀን ደስ አለኝ። ነገሩ ይህ ከሆነ፣ አልኩ፣ አለቀ። ጆሮው ታከመ፣ መምህርቷ ግራ ጆሮው ወደ እርሷ እንዲሆን የፊተኛው ዴስክ ላይ አስቀመጠችው፤ በአንድ ወር ውስጥ ሲጠሩት «አቤት» ማለት ጀመረ። እስክሪብቶው ግን መጥፋቱን ቀጠለ። አምስቱ መስመር ሁለት ሆነ እንጂ አምስት አልሆነም። ጆሮው እውነተኛ ችግር ነበር፤ ሙሉው ችግር ግን አልነበረም።

ሐኪሟ የሰጡኝ የቤት ሥራ ነበር። ለዚህ ስም፣ ማለትም የትኩረት ማነስና የመቅበጥበጥ ችግር ለሚባለው፣ አንድ ቦታ የታየ ጠባይ አይበቃም። በ2013 እ.ኤ.አ. የወጣው የአሜሪካ የሥነ አእምሮ ሐኪሞች መመዘኛ ምልክቶቹ ከ12 ዓመት በፊት መጀመራቸውን፣ ቢያንስ ስድስት ወር መቆየታቸውንና ከአንድ በላይ በሆነ ቦታ መታየታቸውን ይጠይቃል። ክፍል ውስጥ ብቻ የሚታይ ከሆነ ክፍሉ ይመረመራል፤ ቤት ብቻ የሚታይ ከሆነ ቤቱ። «ከእርስዎ ጋር ከመምጣቱ በፊት መንዝ ምን ይመስል ነበር? ያሳደጉትን ጠይቀው ይንገሩኝ» አሉኝ።

እኔ የምመልሰውን አውቄ ነበር። መንዝ ላይ ጤነኛ ነበር፤ ችግሩ የመጣው ዴስክ ላይ ሲቀመጥ ነው። ይህንን ለማረጋገጥ መንገዱ አስተማማኝ ሲሆን፣ በጥር 2016 ለጥምቀት መንዝ ሄድኩ። ማታ እሳት ዳር አባቴን ጠየቅኋቸው።

አባቴ ቶሎ አልመለሱም። እሳቱን ቆሰቆሱና «እረኛ አልነበረም እኮ» አሉኝ። በአምስት ዓመቱ ከታላላቆቹ ጋር መስክ መውጣት ጀመረ። እኩዮቹ በስድስት ዓመታቸው አሥራ አምስት በግ ብቻቸውን ሲያግዱ ለእርሱ ሦስት አይሰጡትም ነበር። ወፍ ተከትሎ ይሄዳል፤ በጎቹ የሰው ገብስ ይገባሉ። ሁለት ጊዜ ካሣ ከፍለዋል። አንዱን ጠቦት ቀበሮ በላው። እናቴም ጨመሩ፤ እሳት ላይ ወድቆ የተቃጠለው ክንዱ፣ ውኃ ቅዳ ተብሎ ማሰሮውን ምንጭ ዳር ረስቶ የመጣበት ቀን። ይህ ሁሉ የሆነው ከጦርነቱ በፊት፣ እናቱም ከመሄዷ በፊት ነው። «ለምን አልነገራችሁኝም?» አልኩ። «ልጅ አይደለም እንዴ? ስሙን አጠፋለሁ?» አሉ አባቴ።

በዚያ ሌሊት አልተኛሁም። ጥፋቱ ሁሉ የዴስኩ እንዲሆን ፈልጌ ነበር። ሜዳውም ላይ ልጁ ይቸገር ነበር፤ ልዩነቱ ሜዳው ላይ ካሣው በገብስ ተከፍሎ ነገሩ ያበቃል፣ ታላላቆቹም በጎቹን ይመልሱለታል። ክፍል ውስጥ የሚመልስለት የለም።

የካቲት ላይ ይህን ይዤ ተመለስኩ። ሐኪሟ የልጁን ችግር በስሙ ጠሩት። ስለ ወንድሜም ነገርኳቸው፤ በዘር የመተላለፍ ኃይሉ ብርቱ ነው፣ በአንድ ቤተሰብ አጎትና የእህት ልጅ መመሳሰላቸው አያስገርምም አሉ። ስለ መድኃኒት ሲያነሡ ያ ባዶ ደብተር ትዝ አለኝና «ሁለተኛ አላደነዝዘውም» አልኩ። እርሳቸው ለእኔ ከመመለስ ይልቅ ወደ ልጁ ዞሩ።

«በግ ጠብቀሃል አሉኝ። እረኛው ሲያንቀላፋ በጎቹ ምን ይሆናሉ?»

«ይበተናሉ። ገብስ ይገባሉ።»

«እንዳይበተኑ ብናስራቸውስ?»

ልጁ ትንሽ አሰበና «አይግጡም» አለ።

ሐኪሟ ወደ እኔ ተመለሱ። የመጀመሪያው መድኃኒት በጎቹን ያሰረ ነው አሉ። አሁን የሚያስቡት ሜቲልፌኒዴት የሚባለው ግን አነቃቂ ነው፤ እረኛውን ይቀሰቅሳል። አንጎል ውስጥ ሐሳብን የሚሰበስበውና «ቆይ» የሚለው ክፍል የሚሠራባቸውን ዶፓሚንና ኖራድሬናሊን የተባሉ ንጥረ ነገሮች ያበረታል። ስለዚህ ነው የሚያነቃቃ ነገር ተወስዶ የሚንቀለቀል ልጅ የሚሰክነው። ያለዚህ ማብራሪያ መድኃኒቱን አልቀበልም ነበር።

ወንድሜ ሲሰማ «ይህ የፈረንጅ ጫት ነው» ብሎ ጮኸ። ቃሉን ለሐኪሟ ወሰድኩላቸው። አልተቆጡም፤ ዝምድና አላቸው፣ ሁለቱም የሚያነቃቁ ናቸው፣ ያለ አግባብ ከተወሰደ ሱስ ሊያስይዝ ስለሚችልም ነው በልዩ የማዘዣ ወረቀት ብቻ የሚሰጠው አሉ። መጠኑ በትንሹ ተጀምሮ፣ በሐኪም ዓይን ሥር፣ በአዋቂ እጅ ሲሰጥ ግን ነገሩ ሌላ ነው። ወንድሜ ያነሣው ፍርሃት ተገቢ ነበር፤ የጎደለው መልሱን መጠበቅ ነው።

ከዚያ በኋላ እኔም ማንበብ ጀመርኩ። ነገሩ አዲስ አይደለም። በ1937 እ.ኤ.አ. ቻርልስ ብራድሊ የተባሉ አሜሪካዊ ሐኪም ሮድ አይላንድ ውስጥ ለ30 ልጆች ቤንዜድሪን የተባለ አነቃቂ ሰጡ፤ 14ቱ በትምህርታቸው እጅግ ተሻሽለው ታዩ። ሜቲልፌኒዴት ራሱ በ1944 እ.ኤ.አ. ስዊዘርላንድ ውስጥ ተሠርቶ ሪታሊን በሚል ስም ገበያ የወጣው በ1954 እ.ኤ.አ. ነው። ክርክሩም ከዚያ ወዲህ አልቆመም። በ1999 እ.ኤ.አ. ውጤቱ የታተመ፣ 579 ልጆችን ለ14 ወራት የተከታተለ የአሜሪካ ጥናት በጥንቃቄ የተሰጠ መድኃኒት ለዋነኞቹ ምልክቶች ከጠባይ ሥልጠና ብቻውን የተሻለ መሆኑን አሳየ። እነዚያኑ ልጆች በሦስተኛው ዓመት ሲያዩዋቸው ግን በቡድኖቹ መካከል የነበረው ልዩነት ጠፍቶ ነበር። መድኃኒቱ ዛሬን ይረዳል፤ ነገን ብቻውን አይሠራም ማለት ነው። የዓለም ጤና ድርጅት የባለሙያዎች ኮሚቴ ይህን መድኃኒት በመሠረታዊ መድኃኒቶች ዝርዝር ውስጥ እንዲያስገባ በ2019 እና በ2021 እ.ኤ.አ. ተጠይቆ ሁለቱንም ጊዜ አልተቀበለም። የዚያው ድርጅት የሕክምና መመሪያ ደግሞ ከስድስት ዓመት በላይ ለሆኑ ልጆች፣ ሌላው ድጋፍ ካልበቃ፣ በልዩ ሐኪም ምክር ሊሰጥ እንደሚችል ይፈቅዳል። ሁለቱንም የነገሩኝ ሐኪሟ ናቸው፤ የሚያምኑበትን መድኃኒት ደካማ ጎን ስላልደበቁኝ አመንኳቸው።

አንዱ ንባብ ግን ለእኛ ከተማ የተጻፈ መሰለኝ። በካናዳ ብሪትሽ ኮሎምቢያ የተሠራና በ2012 እ.ኤ.አ. የታተመ ጥናት ነው። እዚያ ልጆች ትምህርት የሚጀምሩት በፈረንጆቹ የልደት ዓመት ስለሆነ ዲሴምበር ላይ የተወለደው የክፍሉ ታናሽ ይሆናል። ዲሴምበር ላይ የተወለዱ ወንዶች ጃንዋሪ ላይ ከተወለዱት ይልቅ ይህ ችግር አለባችሁ የመባል ዕድላቸው በ30 በመቶ፣ መድኃኒት የመታዘዝ ዕድላቸው በ41 በመቶ ይበልጥ ነበር። በሽታ የተባለው ለአንዳንዶቹ ልጅነት ብቻ ነበር ማለት ነው። እኛ ዘንድ አንደኛ ክፍል መግቢያው ሰባት ዓመት ሆኖ ሳለ ስንቱ ወላጅ ልጁን በአምስት ዓመቱ ያስገባል! የእህቴ ልጅ ከክፍሉ ታላላቆች አንዱ ስለነበር ይህ ለእርሱ ምክንያት አልሆነውም። አጠገቡ የሚቀመጠው ግን ሰባት ዓመት ያልሞላው ሕፃን ነበር፤ መምህርቷም ስሙን ከእርሱ ጋር ጠርታልኝ ነበር። እናቱን አግኝቼ ይህን ነገርኳት፤ በቀጣዩ ዓመት ያንኑ ክፍል ደገመ፤ ዛሬ ስለ እርሱ የሚያማርር መምህር የለም። ለዚያ ልጅ መድኃኒት ቢሰጠው ኖሮ በደል ነበር።

በዓለም ላይ ከመቶ ልጆች አምስት ያህሉ ይህ ችግር እንዳለባቸው ይገመታል። በ64 ተማሪ ክፍል ሦስት ልጅ ማለት ነው። አሜሪካ ውስጥ በ2022 እ.ኤ.አ. በተደረገ ጥናት ከ3 እስከ 17 ዓመት ካሉት ልጆች 11.4 በመቶ ያህሉ አለባቸው ተብለው ያውቃሉ፤ እዚያ የሚጮኹት «በዛ» ብለው ነው፣ መብታቸውም ነው። የእኛ ክፍሎች ሦስቱ ልጆች ግን ባለጌ ተብለው ይገረፋሉ፣ ከዚያ ያቋርጣሉ። የእነርሱን ክርክር እንዳለ አምጥተን «መድኃኒት ልጆችን ያበላሻል» ስንል የማንን ልጅ ከምን እየጠበቅን ነው? ወንድሜ መልሱን ያውቃል። በኋላ «እኔን ማን ጠየቀኝ?» አለኝ፤ ዓይኑ እንባ አቅርሮ ነበር።

መድኃኒቱን በመጋቢት 2016 ጀመርን። ከመጀመሩ በፊት ሐኪሟ ልቡን አዳመጡ፣ የደም ግፊቱን ለኩ፣ መዘኑት፣ ቁመቱን ወሰዱ፤ በቤተሰባችን በወጣትነቱ በድንገት የሞተ ሰው እንዳለም ጠየቁ። ይህን ሳያደርግ የሚያዝዝ ካለ ተነሥታችሁ ውጡ። እኛ ከተማ በጠየቅሁባቸው መድኃኒት ቤቶች አላገኘሁትም፤ አዲስ አበባ ድረስ 130 ኪሎ ሜትር እየተመላለስኩ ነው ያመጣሁት።

ጊዜው ዐቢይ ጾም ነበር። ልጁ ሰባት ዓመት ስላለፈው እናቴ ጠዋት እንዳይበላ ይፈልጋሉ። መድኃኒቱ ግን የምግብ ፍላጎት ይዘጋል፤ ሳይበላ ከዋጠው እስከ ከሰዓት አይቀምስም። የንስሐ አባታችን የጾም ምግብ ጠዋት እንዲበላ ፈቀዱለት። 12 ሰዓት ተኩል ላይ የገብስ ገንፎ በተልባ ወይም በሶ በማር፣ አንድ ሰዓት ተኩል ላይ መድኃኒት፣ ሁለት ሰዓት ላይ ክፍል። የሚሠራው ለአራት ሰዓት ያህል ነው፤ ትምህርት ቤቱ በፈረቃ ስለሆነ ስድስት ሰዓት ሲለቀቁ የእርሱም ኃይል ያልቃል። ቅዳሜና እሑድ እንድንዘለው ተፈቀደልን፤ እሑድ ሳይበላ ቆርቦ ይመጣል።

ክፉውን ደግሞ ልንገር። በመጀመሪያዎቹ ሁለት ወራት አንድ ኪሎ ቀነሰ። ምሳ አይበላም ነበር፤ እራቱን ሁለት ሰዓት ላይ አደረግነውና ከዚያ በፊት በኪሱ ቆሎ እንዲይዝ አደረግን። ሰባት ሰዓት ገደማ መድኃኒቱ ሲወጣ ያለ ምክንያት ያለቅሳል፣ ለግማሽ ሰዓት ያህል ማንንም አያናግርም። በዚያ ሰዓት ጥያቄ አትጠይቁት፤ ሜዳ ይውጣ፣ ይሩጥ። ሁለት ጊዜ ሆዱን አሞታል፣ ራሱንም አሞታል። አንድ ቀን መጠኑ ከፍ ሲል ፊቱ ቀዝቅዞ፣ ሳቁ ጠፍቶ ዋለ፤ ስነግራቸው ሐኪሟ ወዲያው ወደ ታች መለሱት። «ልጁ ራሱን መምሰል አለበት፤ ካልመሰለ መጠኑ ተሳስቷል» አሉኝ። የእድገትን ፍጥነት በመጠኑ ሊቀንስ ስለሚችል በሩ መቃን ላይ በየሦስት ወሩ ቁመቱን በእርሳስ እጭራለሁ።

ከሁሉ የጠቀመኝ ባለ ሁለት ዓምዱ ደብተር ነው። በአንዱ ዓምድ መምህርቷ፣ በሌላው እኔ። መምህርቷ በየቀኑ ሦስት ነገር ብቻ ትጽፋለች፦ ስንት መስመር ገለበጠ፣ ስንት ጊዜ ተነሣ፣ አንድ የሠራው መልካም ነገር። እኔ የበላውን፣ የተኛበትን ሰዓትና ጠባዩን። «ዛሬ ጥሩ ነበር» የሚል ቃል ክልክል ነው፤ ቁጥር ወይም ድርጊት ብቻ። መጀመሪያ ለ64 ተማሪ ይህን ማን ይጽፋል ብላ ነበር፤ በየቀኑ ሁለት ደቂቃ ብቻ እንደሚወስድ ስታይ ተቀበለችው። የጽሑፉ ሥራ በአምስት መስመር ፈንታ በሁለት በሁለት ተከፋፍሎ እንዲሰጠው፣ ሰሌዳ ማጥፋትና ጠመኔ ማምጣት የእርሱ ሥራ እንዲሆን፣ እንዲህም ተፈቅዶለት የሚነሣበት ምክንያት እንዲያገኝ ተስማማን። ይህ ባይኖር መድኃኒቱ ብቻውን ግማሹን እንኳ አይሠራም ነበር ብዬ አምናለሁ።

በታኅሣሥ 2017 መድኃኒቱ አዲስ አበባም ጠፋ። ሦስት ሳምንት ያህል ልጁ ያለ መድኃኒት ሄደ፤ ሐኪሟ በዚህ መጠን ቢቋረጥ እንደማይጎዳው በስልክ ነገሩኝ። ሦስተኛ ክፍል ነበር፣ መምህሩም ተለውጦ ነበር፤ መቋረጡን ለመምህሩ አልነገርኩም። በኋላ ደብተሩን ስናይ መስመሮቹ ከስምንት ወደ አራት ወርደዋል፣ መነሣቱም በእጥፍ ጨምሯል፤ መድኃኒቱ በተመለሰ በማግስቱ ስምንት። ይህ የእኛ ልጅ ብቻ ነው፣ ለሌላው ማስረጃ አይሆንም። እኔን ግን ከክርክሩ ሁሉ ይልቅ ያሳመነኝ እርሱ ነው። ደግሞም ወደ ሁለት አልወረደም፤ አራት ላይ ቆመ። ያ አራት የጆሮው ሕክምና፣ የፊተኛው ዴስክና የተከፋፈለው ሥራ ነው።

ልጁን ራሱን ጠይቄዋለሁ፤ ብዙ ጊዜ ሳይጠየቅ የሚቀረው እርሱ ነው። «ስውጠው የመምህሩ ድምፅ ይቀርበኛል። ካልዋጥኩ ሁሉም ድምፅ እኩል ነው» አለኝ። «ታዲያ ትወደዋለህ?» አልኩት። «ምሳ አያስበላኝም» አለ።

አንዲት ጎረቤቴ ልጇ ለስምንተኛ ክፍል ፈተና ሲያጠና እንቅልፍ እንዳይጥለው ሁለት ፍሬ ስጪኝ አለችኝ። አልሰጠሁም፤ ተቀየመችኝ። መድኃኒቱን ቁልፍ ባለው ሳጥን ነው የማኖረው፣ ፍሬውን በየሳምንቱ እቆጥራለሁ። ከእጅ ወደ እጅ የሚሸጥ ሲያጋጥመኝም አልገዛሁም፤ ምን እንደያዘ ማን ያውቃል?

በዚህ ክረምት ልጁ መንዝ ነው፣ በሐኪሟ ምክር ያለ መድኃኒት። አባቴ በስልክ ጠቦቶቹን ብቻ እንደሰጡት ነገሩኝ፤ ታላቅ ልጅም አብሮት ይወጣል። ቀጠሮአችን መስከረም ሁለተኛ ሳምንት ላይ ነው። ክብደቱና ቁመቱ ይለካል፣ ጆሮው እንደገና ይታያል፣ መጠኑ ይቀጥል ወይስ ይቀነስ የሚለው በደብተሩ ይወሰናል። አዲሱን ደብተር ገዝቼ ሁለቱን ዓምዶች አስምሬበታለሁ፤ ዘንድሮ ሦስተኛ ጨምሬአለሁ፣ ለራሱ ለልጁ።